ልጅ ድሬ ሲመረቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰኔ ሲጋመስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የአክስቴ ልጅ ከደሴ ትደውላለች። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ይደውላል። ስሟን ረስቼ ድምጿን የማውቃት የሠፈራችን ልጅ ከሐዋሳ ትደውላለች። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፤ «ልጃችን ድሬ ሊመረቅ ነው፤ እንዴት ብናደርግ ይሻላል?»

ድሮ ሻንጣ ይዘን ወደ ሰው አገር የምንሄደው እኛ ነበርን። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን እንግዳ ተቀባዮቹ እኛ ነን። እናቴ ግቢ ውስጥ ሦስት ምርቃት ተደግሷል፤ የመጨረሻው የታናሽ ወንድሜ ነው። ከዚያ ሁሉ ሽር ጉድ የተረፈኝን ነው እዚህ የማሰፍረው። የታላቅ እህት ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

የምርቃቱ ቀን መቼ ይታወቃል? ትኬት አሁን እንቁረጥ?

ቆዩ። አብዛኛውን ጊዜ ምርቃት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መሐል ይውላል። ቅዳሜ ወይም እሁድ መሆኑም የተለመደ ነው። ቁርጡ ቀን ግን የሚነገረው ቀርቦ ነው። እኛ ቤት አንዴ ቀኑ በሳምንት ተገፋ። ከጎንደር የመጣችው አክስታችን ሳትመለስ ጠበቀች። እሷ አልከፋትም። የተጨነቀችው «ለሳምንት ምን ላብላት ነው?» ያለችው እናቴ ናት።

የሚመረቀውን ልጅ ብቻ አትመኑ። ተማሪ የሰማውን ሁሉ እንደ ቁርጥ ነው የሚያወራው። የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ እስኪወጣ ጠብቁ።

መውጫ ፈተናውን አልፎ እንደሆነ እንጠይቀው?

ራሱ እስኪናገር ዝም በሉ። ነገሩ ለማያውቅ፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ትምህርቱን ቢጨርስም አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የወደቀ ደግሞ መፈተን ይችላል። ለብዙ ቤተሰብ ይሄ አዲስ ነገር ነው። አራት ዓመት ተምሮ፣ ሁሉንም ኮርስ አልፎ፣ በአንድ ቀን ፈተና ሊዘገይ ይችላል ብሎ የሚያስብ ወላጅ ጥቂት ነው።

በሠፈራችን አንድ ቤተሰብ ውጤት ሳይወጣ ባነር አሳተመ። የልጁ ፎቶ በጋዋን፣ ከጎኑ አበባ፣ ከላይ «እንኳን ደስ አለህ»። በር ላይ ተሰቀለ። ውጤቱ ሲመጣ ልጁ ሁለት ቀን ጓደኛው ቤት ተደበቀ። ባነሩን ያወረደው አባቱ ነው፤ ሌሊት፣ ሰው ሳያይ። በሚቀጥለው ዙር ተፈትኖ አለፈ። ያው ባነር ተመልሶ ተሰቀለ፤ ጫፉ ላይ የታጠፈበት መሥመር ይታይ ነበር። ባነር ለማሳተም አንድ ቀን ይበቃል። ምን አስቸኮላችሁ?

ከአዲስ አበባ በምን እንምጣ?

አቅም ካለ በአውሮፕላን፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አዋሽን፣ አሰበ ተፈሪን፣ ቁልቢን አልፋችሁ ደንገጎ ላይ ወደ ድሬ ትወርዳላችሁ። ሙሉ ቀን ያዙለት፤ ሲመሽም አትንዱ። የደንገጎ ቁልቁለት ለለመደው እንኳ ጥምዝምዙ ብዙ ነው። ከመኪና የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ከፊት አስቀምጡት፤ ሎሚ አሲዙት።

ባቡርም አለ፤ መነሻው ለቡ ነው። በየቀኑ አለ ብላችሁ ግን አትምጡ፤ የጉዞውን ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ደግሞ ሽማግሌዎቻችሁን አስጠንቅቁ፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። የአባቴ አጎት «ባቡር ጣቢያ ተቀበሉኝ» ብለው፣ እኛ ቀዚራ ሠፈር የድሮው ለገሃር በር ላይ ቆመን ቀርተናል። እሳቸው የሚያውቁት ባቡር ሌላ ነበር፤ እኛም ሳናስብ ተከተልናቸው።

የት እንረፍ?

ሆቴል ከሆነ ቀዚራ ወይም ሳቢያን አካባቢ ይሻላል። ለባጃጁም ይቀላል። የምርቃት ሰሞን አልጋ ስለሚጠፋ ቀኑ እንደታወቀ ያዙ። ክፍሉን ስትጠይቁ ስለ ቁርስ አትጠይቁ፤ ቬንትሌተር ወይም ኤሲ መኖሩንና መሥራቱን ጠይቁ። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ነው።

ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ዘመድ ቤት እረፉ። የድሬ ሰው ፍራሽ ግቢ አውጥቶ ነው የሚያስተኛችሁ። ሰማይ እያያችሁ ማውራት ነው። የኔ ልጆች ከምርቃቱ ሁሉ የሚያስታውሱት እሱን ነው።

ሙቀቱ እንዴት ነው? ምን እንልበስ?

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ሰኔ ላይ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ከደጋ የምትመጡ ሰዎች «ለክብሩ» ብላችሁ ወፍራም ሱፍ ትለብሳላችሁ። አታድርጉት። ለሴቶች ስስ የሐበሻ ቀሚስ ይበቃል፤ ጥልፉ ደረት ላይ ያልከበደ ይሁን። ከፕሮግራሙ በኋላ ቤት ውስጥ ድሪያ፣ ስስና ሰፊ የቤት ቀሚስ፣ ታገኛላችሁ፤ ስትለብሱት ለምን ድሬዎች እንደማያወልቁት ይገባችኋል። ለወንዶች ሸሚዝ። ቤት ሲገቡ ሽርጥ።

ተመራቂውን ግን አስቡት። ከውስጥ ሙሉ ሱፍ ከነክራቫቱ፣ ከላይ ጥቁር ጋዋን። ወንድሜ የሱፉን ኮት ቤት ትቶ በሸሚዝና በክራቫት ብቻ ነው ጋዋኑን የደረበው። ማንም አላወቀበትም። መሐረብና ውሃ አትርሱ፤ እናቶች ሲያለቅሱም ሲያልባቸውም አንዱ መሐረብ ነው የሚያገለግለው።

ስንት ሰው መግባት ይችላል?

እንደ ዓመቱና እንደ ግቢው ይለያያል። ልጁ የመግቢያ ካርድ ከተሰጠው ቁጥሩን ይነግራችኋል፤ ለአንድ ተመራቂ ጥቂት ነው የሚደርሰው። ሃያ ሰው በሚኒባስ ጭኖ በር ላይ መለማመጥ ለሁሉም ድካም ነው። ለወላጅና ለአያት ቅድሚያ ስጡ። የቀረነው ከውጭ በአበባ እንጠብቃለን። እውነቱን ለመናገር ከውጭ ያለው ይሻላል፤ ንግግሩ ረጅም ነው።

በጠዋት ሂዱ። መታወቂያ ያዙ። ትልቅ ቦርሳ ቤት ይቅር፤ ፍተሻ አለ።

ድግሱ ላይ ምን እናቅርብ?

ይቺ ናት ጥያቄዋ። ሌላው ሁሉ በስልክ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ እዚህ ስንደርስ ቡና አፍልቼ ነው የማወራው።

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ አውጡ። የሐዋርያት ጾም፣ የሰኔ ጾም የምንለው፣ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ምርቃቱ ከዚያ በፊት ከዋለ ቅዳሜም እሁድም ጾም ነው። ግማሹ እንግዳ «እሱ የቄስ ጾም ነው» ብሎ ሥጋውን ይበላል። ግማሹ አይበላም፤ አይናገርምም። ዝም ብሎ ዳቦ ቆርሶ ይቀመጣል። አያቴ እንዲያ ናት። ስለዚህ የጾሙን ምግብ እንደ ማሟያ አትዩት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶልያው፣ ሱፍ ፍትፍቱ ሙሉ ማዕድ ይሁን፤ ከፊት ይቅረብ። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሽሮ ለጾመኛ ሰው «ለአንተ አላሰብንም» ማለት ነው።

ሁለተኛው የሥጋው ነገር ነው። ሌላ ከተማ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ድሬ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ግቢ ይኖራል፣ አንድ ድንኳን ይቀመጣል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይስቃል። ሥጋው ግን ሁለት ነው። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ። ዶሮውም እንደዚያው ነው። እንግዳ ጠርቶ «የኛን ብሉ» ማለት ነውር ነው። «እነሱ ለስላሳ ይጠጣሉ፣ ይበቃቸዋል» ማለት ደግሞ የባሰ ነውር ነው።

እኛ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ጎረቤታችን ሐጂያ ጋ እንሄዳለን። ፍየሉን የምንገዛው እኛ ነን። የሚታረደው በእሳቸው በኩል፣ የሚሠራው በእሳቸው ቤት፣ በእሳቸው ድስት ነው። ሩዝ በፍየል ሥጋ ይሠራሉ፤ ሽታው ግድግዳ ዘሎ ነው የሚመጣው። ድስቱ ወደኛ ግቢ ሲሻገር እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። ጭልፋውም ላይ እንደዚያው። ጠረጴዛው ለብቻ ነው፤ ሳህኑ ለብቻ፤ የሚያነሣው ሰውም ለብቻ።

በወንድሜ ምርቃት ከአዲስ አበባ የመጣች የአጎቴ ልጅ «ልርዳ» ብላ ተነሣች። ጎበዝ ልጅ ናት። ዶሮ ወጥ ያወጣችበትን ጭልፋ ይዛ ሄደች፤ ቀይ ጨርቅ ያለበት ድስት ውስጥ ነከረችው። እኔ አየሁ፤ ደርቄ ቀረሁ። ሐጂያም አዩ። ምንም አልተናገሩም። ያንን ድስት በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ክርስቲያኑ ጠረጴዛ አሻገሩት፤ ጨርቁን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ብር ሰጡትና በጆሮው የሆነ ነገር አሉት። ልጁ እየሮጠ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ድስት፣ ሌላ ሩዝ፣ ሌላ ቀይ ጨርቅ መጣ። ከእንግዳው አንድም ሰው አላወቀም። የአጎቴ ልጅ ራሷ ያወቀችው ማታ ሳህን ስናጥብ ነው።

ስለዚህ አንዲት ሐጂያ ፈልጉ። ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ ለክርስቲያን እንግዳችሁ እንዲሁ የምታደርግ አንዲት እትዬ ፈልጉ። ይሄ በገንዘብ የሚከራይ አይደለም። አስቀድሞ በጉርብትና የተሠራ ነው። ለምርቃት ብቻ ከመጣችሁ ያረፋችሁበት ቤት ሰዎች ያገናኟችኋል።

መጠጡን በተመለከተ ቢራውና ጠላው ለብቻ ጥግ ይያዝ፤ ከሙስሊሙ ጠረጴዛ አጠገብ አይሁን። በረዶ በብዛት ግዙ። ውሃ ሁለት ቀን ቀድማችሁ በበርሜል ሙሉ። የድግሱ ቀን ቧንቧው ቢነፍግ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም።

ድንኳኑን የት እንትከል?

ግቢ ከበቃችሁ ግቢ። ካልበቃ የሠፈሩን ሰው አስፈቅዳችሁ መንገድ ዳር። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ግን መኪናም አታቁሙ፣ ድንኳንም አትትከሉ። ደረቅ ሆኖ ሜዳ ይመስላል። ክረምት ላይ ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ጥሎ፣ ድሬ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ድሬዳዋ ሆኖ ያየ ሰው ይሄን ሁለቴ አያስነግርም።

ኬክስ?

ኬክ ከፈለጋችሁ ክሬም የበዛበት አይሁን። እኛ ያዘዝነው ኬክ ቤቱ ውስጥ ቆንጆ ነበር። በባጃጅ አሥር ደቂቃ መጣ። ሲከፈት «እንኳን ደስ አለህ» የሚለው «እንኳን ደ» ላይ ቀርቶ የቀረው ወደ ጎን ፈሷል። ወንድሜ «ይሄም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አቋረጠ» ብሎ አሳቀን። አሁን ድፎ ዳቦ ነው የምንቆርሰው። አይቀልጥም።

ከምሳ በኋላ ፕሮግራም እንያዝ?

አትያዙ። ድሬ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ፀሐይዋ ብቻ ናት የምትሠራው። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች በ8 ሰዓት ንግግር ሊያደርጉ ይነሣሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

የሚቅም የሚቅምበት ጥላ ይዞ ይቀመጣል። እዚህ ላይ አባቴ በየዓመቱ የማይረሳት ቀልድ አለችው፤ «የመጣችሁት ለምርቃት ነው፣ ለምርቃና አይደለም» ይላል። እሱ ራሱ ከመሐላቸው ነው።

ዋናውን ነገር ለማታ አቆዩት። 11 ሰዓት ሲሆን ነፋስ ይነሣል፣ ግቢው ውሃ ይረጫል፣ ቡና ይቀርባል። ያኔ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ይመርቁ። የኛው ቄስ ይመርቃሉ፤ የሠፈሩ ሼኽ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሁላችንም አሜን እንላለን። ተመራቂው ቁጭ ብሎ ጉልበት ይስማል። ዲግሪውን በጠዋት ተቀብሏል፤ ምርቃቱን ግን ማታ ነው የሚቀበለው።

ምን ስጦታ እንስጥ?

ብር፣ በፖስታ። ሌላ ነገር ለማሰብ አትቸገሩ። ከግቢ የወጣ ልጅ ለሥራ ፍለጋ የታክሲ፣ የፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ሰዓት ቆንጆ ነው፤ ግን ሰዓት አይበላም። አንድ አጎታችን ጥሩ ጥቁር ጫማ ሰጠ፤ ያ ጫማ ሦስት ኢንተርቪው ሄዷል።

የማይሰጥ ስጦታም አለ። «እሺ፣ ሥራስ?» የሚለው ጥያቄ። ቢያንስ ሰኞ እስኪደርስ አቆዩት።

ፎቶ የት እንነሣ?

ቀዚራ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፤ የድሮው ለገሃር ፊት ለፊት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተጀመረችው። ስለዚህ ከባቡር ጣቢያው ፊት መነሣት ከእናት ጋር እንደመነሣት ነው። በጠዋት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ሂዱ። እኩለ ቀን ላይ የተነሣ ፎቶ ሁሉም ሰው ዓይኑን ጨፍኖበት ነው የሚወጣው።

ጋዋኑ የሚመለስበትን ሰዓት ጠይቁ። የተዋስከው ነገር ነው፤ እሁድ ማታ ለመመለስ እንደ ዕዳ ያሯሩጣል። ፎቶ አንሺውን ደግሞ «ፋይሉን መቼ ትሰጠናለህ?» ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ። አንዱ የኛን እስከ መስቀል ይዞት ቆይቷል።

ከሁሉም በላይ ግን ጋዋኑን እናትየዋ የምትለብስበትን ፎቶ እንዳትረሱ። የኔ እናት ነጠላዋን አላወልቅም አለች። ስለዚህ ቆቡ ነጠላዋ ላይ ተቀመጠ። ክሩ ዓይኗ ላይ እየወረደ እፍ እፍ ትላለች። «አሁን እኔ የምን ምሩቅ ነኝ?» አለችው። «የሲቪል» አላት ወንድሜ። «ሲቪል ምንድነው?» «መንገድ፣ ድልድይ መሥራት።» «እንግዲያው ከኛ በር ነው የምጀምረው» አለች። ፎቶው ላይ አፏ ክፍት ነው። በጣም የምወደው እሱን ነው።

እሁድ ሐረር ደርሰን እንመለስ?

ሂዱ እንጂ! ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደንገጎን ወጥታችሁ አየሩ ሲቀየር ከደጋ የመጡት እንግዶች «ኡፍ» ብለው ይተነፍሳሉ። በግራ በቀኝ ሐረማያን፣ አወዳይን እያያችሁ ታልፋላችሁ። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውሃ ተመልሶበታል፤ ለአባቶቻችሁ አሳዩአቸው።

ቁርስ ሳትበሉ ውጡና ሐረር ፈጢራ በእንቁላልና በማር ብሉ። ሆጃ ጠጡ፤ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላ ነው። ጀጎል ውስጥ በእግር ነው የሚኬደው፤ መንገዱ ለመኪና የተሠራ አይደለም። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፤ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች ካላያችሁ ጀጎልን አላያችሁም። ስትመለሱ ሐላዋ ግዙ። ባዶ እጁን ከሐረር የተመለሰ ሰው ቤቱ ምን ብሎ ይገባል?

ጅብ ሲመገብ ማየት ከፈለጋችሁ የሚጀመረው ሲመሽ ነው። ያን ካያችሁ ሐረር እደሩ። በሌሊት ደንገጎን አትውረዱ።

ምርቃቱ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሆነስ?

ዋናው ግቢ ባቴ ነው፤ ከሐረር ይቀርባል። ስለዚህ ሐረር እረፉ። የጤና ተማሪ ከሆነ ግቢው እዚያው ሐረር ከተማ ነው፤ የትኛው ቦታ እንደሚመረቅ ልጁን ጠይቁት። ሹራብ ያዙ፤ ጠዋት ይቀዘቅዛል። ሽማግሌዎች «ዓለማያ» ካሏችሁ አታርሟቸው። በ1940ዎቹ በኦክላሆማ ሰዎች እገዛ እርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር የቦታው ስም እሱ ነበር።

ስለት አለብን። ቁልቢ መሄድ ይቻላል?

ስንት እናት «ልጄን አስመርቅልኝ» ብላ ለገብርኤል ተስላለች መሰላችሁ። ቁልቢ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ መንገዳችሁ ላይ ነው። ምርቃቱ ሐምሌ 19 አካባቢ ከዋለ ግን አስቡበት። ያን ዕለት ንግሥ ነው፤ አልጋም ትራንስፖርትም ይጠፋል። ለስለት ግድ ንግሥ አያስፈልግም፤ በሌላ ቀን ጸጥ ብሎ ማስገባት ይቻላል።

ልጁን ይዘነው እሁድ ማታ እንመለስ?

ክሊራንስ ጨርሶ እንደሆነ ጠይቁት። የዶርም ቁልፍ፣ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፣ ፍራሽ፣ ሁሉም ፊርማ አለው። ቴምፖውን፣ ጊዜያዊውን የዲግሪ ወረቀት፣ ሳይዝ ከወጣ ለአንዲት ወረቀት እንደገና 500 ኪሎ ሜትር ይመለሳል። ዋናው ዲግሪ ደግሞ ከወጪ መጋራት ክፍያው ጋር የተያያዘ ነው። ልጁ ይሄን ስለሚያውቅ እናንተ ከምትነግሩት እሱ ይንገራችሁ። እናንተ የዶርም ዕቃውን ቋጥሩለት። አንድ ባልዲ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ካርቶን ሀንድአውት። ሀንድአውቱን አይጥልም፤ አትከራከሩት።

የዶርም ጓደኞቹንም እንጥራ?

ይሄን ማንም አይጠይቀኝም። እኔው ነኝ ጥያቄውን የጨመርኩት።

እኔ የተመረቅኩት ጅማ ነው። ከድሬ ጅማ መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ገንዘቡም ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የበቃው። አባቴ ብቻውን መጣ። ከፕሮግራሙ በኋላ ሁሉም በየቤተሰቡ ተከቦ ሲሄድ እኔና አባቴ በር ላይ ቆመን ቀረን። ጋዋኔን ለብሼ ነው። አባቴ «ሻይ እንጠጣ?» አለኝ። ያኔ የዶርም ጓደኛዬ እናት ከኋላ መጡና ክንዱን ያዙት። «ወዴት ነው? ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው እኮ» አሉት። እንደሚያውቁት ሰው። ስንገባ ሁለት ወንበር ተዘጋጅቶ ነበር።

ስለዚህ እንግዳ ከመቁጠራችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት፤ ከዶርምህ ቤተሰቡ የማይመጣ ማን አለ? ሁልጊዜ አለ። ከጋምቤላ፣ ከወላይታ፣ ከቤንሻንጉል ድሬ ድረስ መምጣት ለስንቱ ቤተሰብ ይቀላል? በስማቸው ጥሯቸው። «ከፈለጋችሁ ኑ» አይባልም፤ ከፈለጋችሁ የተባለ አይመጣም። ሲመጡ ከጓዳ በኩል ካሉት ልጆች ጋር አታስቀምጧቸው፤ ከአባት አጠገብ ይሁኑ። በሰው ፊት «ወላጆችህስ?» አትበሉ። ሽማግሌ ሲመርቅ እነሱም ጉልበት ይሳሙ። ሲሄዱ ቋጥራችሁ ስጧቸው፤ ሌሊቱን መኪና የሚጠብቁት መናኸሪያ ነው።

ከወንድሜ ጋር ሁለት ልጆች መጡ። አንደኛው የወላይታ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ። ቡና እየተጠጣ ስልኩ ጠራ። እናቱ ናቸው። ወደ ውጭ ሊወጣ ሲነሣ እናቴ «ወዲህ አምጣት» ብላ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ» ጀመረች። እናቱ አማርኛ አይችሉም። እናቴም ወላይትኛ አትችልም። ልጁ መሐላቸው ተቀምጦ አንድ አንድ ቃል መተርጎም ያዘ። አንዷ ስትመርቅ አንዷ አሜን ትላለች፤ ተራው ይገለበጣል። ትንሽ ቆይቶ ልጁ መተርጎሙን ተወው። እነሱ አላስተዋሉም፤ ቀጠሉ።